የ17ቱ ቡሎኖች ፊት

በመሣሪያ ክፍሌ መደርደሪያ ላይ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ አለ። ውስጡ 17 የተቆረጡ ቡሎኖች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የአንድ የሥራ ወቅት ናቸው። አባቴ የተሰበረ ዕቃ ወዲያው አይጥልም ነበር። «መጀመሪያ ለምን እንደተሰበረ ይንገርህ፣ ከዚያ ትሸኘዋለህ» ይለኝ ነበር። ለብዙ ዓመታት ይህን የሰማሁት እንደ ቁጠባ ምክር ነው። ትራክተሩ ከእሱ ወደ እኔ ከተላለፈ በኋላ ነው ቃሉን እንደ ቃሉ የወሰድኩት።

ቡሎን ሲቆረጥ የሚሰማው ድምፅ ከጆሮ አይጠፋም። በመጀመሪያ ከኋላ «ጧ» ይላል። ወዲያው ሞተሩ ጭነቱ እንደተራገፈለት በቅሎ ቀለል ብሎ ፍጥነት ይጨምራል። ከዚያ ትራክተሩ ከኋላው የያዘው የሣር መቁረጫ ምላጮች በያዙት ግልቢያ ለጥቂት ጊዜ ይዞሩና ቀስ እያሉ ይቆማሉ። በዚያ ወቅት ይህን ድምፅ 17 ጊዜ ሰምቻለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ትራክተሩ ላይ ስወጣ ጆሮዬ ሥራውን ትቶ ያንን ድምፅ ብቻ ይጠብቅ ነበር። ማሽኑን የሚወድ ሰው በማሽኑ ላይ እምነት ሲያጣ የሚሰማው ነገር ቀላል አይደለም።

ትራክተር ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን የሚጎትት ጉልበት ነው። ከኋላው ግን፣ ከሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች መካከል፣ ስድስት ጥርስ ያለው 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አጭር ዘንግ ብቅ ብሎ ይታያል። ባለሙያዎች ፒቲኦ ይሉታል። የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ አውጥቶ ለመቁረጫ፣ ለመርጫ፣ ለውኃ መሳቢያ፣ ለመውቂያ የሚሰጠው እሱ ነው። በአሮጌ ትራክተሮች ላይ የተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ዙር ነው፤ በሰከንድ 9 ጊዜ ማለት ነው። ይህን 9 ቁጥር አስታውሱልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከፒቲኦ በፊት የነበሩት የአጨዳ ማሽኖች ጉልበታቸውን የሚያገኙት መሬት ላይ ከሚንከባለለው ከራሳቸው ጎማ ነበር። መሬቱ ከረጠበ ጎማው ይንሸራተታል፤ ጎማው ከተንሸራተተ ማሽኑ ይቆማል። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር እ.ኤ.አ. በ1918 ባወጣው 8-16 በተባለው ትራክተር ላይ ፒቲኦ ይዞ ገበያ ሲቀርብ ከዚህ ችግር መውጫ መንገድ ተከፈተ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የዚህ ለውጥ ሌላው ገጽታ ነው። ያ የሚንሸራተት ጎማ ሳይታወቅ ጠባቂም ነበር። ማሽኑ ውስጥ እንጨት ቢሰነቀር ጎማው ጭቃው ላይ ተንሸራትቶ ነገሩ ያበቃል። ኃይል በብረት ዘንግ በቀጥታ ሲተላለፍ ግን የሚንሸራተት ነገር የለም። ምላጩ ጉቶ ሲመታ በአንድ በኩል የሞተሩ ጉልበት፣ በሌላ በኩል የማይነቃነቅ ጉቶ አለ፤ በመካከል ካሉት ብረቶች አንዱ የግድ መሸነፍ አለበት። የትኛው ይሸነፍ የሚለውን አስቀድሞ መምረጥ አስፈለገ። የተመረጠው ተቆራጭ ቡሎን ነው።

የእኔ መቁረጫ ላይ ነገሩ የሚገኘው የማሽከርከሪያው ዘንግ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ፍላንጆች፣ ማለትም ክብ ጠፍጣፋ ብረቶች፣ አሉ፤ አንዱ ከዘንጉ፣ ሌላው ከማርሽ ሳጥኑ ጋር ይዞራል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከመሃል 55 ሚሊ ሜትር ርቆ የገባ አንድ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ብቻ ነው። ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። የመጀመሪያው 8 ብረቱ ተጎትቶ እስኪበጠስ 800 ሜጋፓስካል (በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ኃይል) እንደሚችል ይናገራል። ሁለተኛው 8 ደግሞ የዚህ 80 በመቶ ላይ፣ ማለትም በ640፣ ብረቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ላይመለስ መሳብ እንደሚጀምር ይነግረናል። በኢንች በሚለኩት ቡሎኖች ላይ ቁጥር የለም፤ ራሳቸው ላይ ያሉትን ጭረቶች መቁጠር ነው። ጭረት የሌለው ለስላሳው ነው፤ ሦስት ጭረት ያለው ከ8.8 ጋር ይቀራረባል፤ ስድስት ያለው ጠንካራውን 10.9ን ይመስላል።

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ብዙ ጥፋት የሚፈጸመው ይህ ሒሳብ ስለማይሠራ ነው። ብረት በጎን ሲቆረጥ የሚችለው ተጎትቶ ሲበጠስ ከሚችለው በግምት 60 በመቶውን ነው። የ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ግንድ ስፋት 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ተባዝተው፣ ውጤቱ ከመሃል ባለው ርቀት ሲባዛ፣ ቡሎኑ ወደ 1,300 ኒውተን ሜትር በሚጠጋ የመጠምዘዝ ኃይል ይቆረጣል ማለት ነው። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተሬ በ540 ዙር ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ ዘንጉ ላይ የሚያርፈው 530 ያህል ነው። ስለዚህ ቡሎኑ ለሥራ የሚበቃውን ሁለት እጥፍ ተኩል ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን እምቢ ይላል። ይህን የወሰነው መሐንዲስ በጥንቃቄ እንዳሰበበት ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል።

በዚያው ቀዳዳ ጥርሱ እስከ ራሱ የወረደ ቡሎን ብናስገባና የመቆረጫው መስመር ጥርሱ ላይ ቢያርፍ፣ ኃይሉን የሚሸከመው ስፋት ከ50 ወደ 37 ካሬ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከሩብ በላይ አቅም ጠፋ ማለት ነው፤ ዓይን ግን ልዩነቱን አያይም። በተቃራኒው 8ቱ ጠበበኝ ብሎ በ10 ሚሊ ሜትር የሚተካ ሰው «ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ትጨምራለች» ይላል፤ 56 በመቶ ትጨምራለች።

ከዚያ ወቅት በፊት በነበረው ዓመት እኔም ተሳስቻለሁ። መጨረስ ያለብኝ ሥራ ነበረ፣ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ቡሎን ተቆረጠ፣ ሳጥኑን ስከፍት የቀረኝ ከ8.8 በጣም የሚጠነክረው 12.9 ብቻ ነው። እጄ ውስጥ ስይዘው ጥቁርና ከባድ ነበር፤ ደስም አለኝ። ለጊዜው መፍትሔ ነው ብዬ አስገባሁት። በማግስቱ ምላጩ ሣር የሸፈነው ጉቶ መታ። ቡሎኑ አልተቆረጠም። የማርሽ ሳጥኑን ዘይት ስቀዳ ሁለት የማርሽ ጥርሶች አብረው ወጡ፤ የተሰበሩበት ጎን ፍም መስሎ ያበራ ነበር። እነዚያን ጥርሶች መዳፌ ላይ ይዤ የቆምኩበትን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳውም። አባቴ ለዓመታት ዘይቱን እየለካ፣ ግሪሱን እየሞላ ያቆየውን ማሽን በአንድ ቡሎን አቆሰልኩት። ከዚያ ወዲህ ተቆራጭ ቡሎን ባለበት ቦታ ጠንካራ ቡሎን፣ ሚስማር ወይም የብየዳ ዘንግ ቁራጭ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ዝም አልልም። ሰው ቢቀየመኝም እናገራለሁ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወቅት ትክክለኛዎቹን ባለ 8.8 ቡሎኖች በብዛት ይዤ ተነሣሁ። እነሱም መቆረጥ ጀመሩ። ድንጋይ ሳይኖር፣ ጉቶ ሳይኖር፣ ለስላሳ ሣር ላይ። አንዱ፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው ላይ ስደርስ የአባቴ ቃል ትዝ አለኝና የቀሩትን ቁራጮች ሁሉ በጣሳው መሰብሰብ ጀመርኩ። ቀደም ሲል ወድቀው የነበሩትንም ከሣሩ ውስጥ ፈልጌ ለቃቀምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በቤንዚን አጥቤ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሬ፣ በማጉያ መነፅር ፊታቸውን አየሁ። የተቆረጠ ብረት ፊት የራሱ ንባብ አለው። በአንድ ምት ከአቅሙ በላይ ኃይል የመጣበት ቡሎን ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተቱ ስስ ጭረቶች ያሉት፣ በቢላዋ እንደተቆረጠ ሳሙና። በድካም፣ ማለትም በሚደጋገም ጭነት ቀስ በቀስ ተሰንጥቆ፣ የሞተ ቡሎን ግን ሌላ ነው። ከአንድ ጠርዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥርሱ ሥር፣ የምትነሣ ትንሽ ስንጥቅ አለች። ከእሷ ዙሪያ ሐይቅ እየሸሸ አሸዋ ላይ የሚተዋቸውን መስመሮች የሚመስሉ ቅስቶች አንዱ ከአንዱ እየሰፉ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ቅስት ስንጥቁ አንድ ደረጃ የተራመደበት ቦታ ነው። በመጨረሻ በሌላው ጠርዝ ትንሽ ሸካራ ቦታ ይቀራል፤ ብረቱ እስከ መጨረሻው የያዘው በዚያች ብቻ ነበር።

በኋላ የተቆረጡትን ጨምሮ ከ17ቱ አራቱ ንጹሕ የሆነ የአንድ ምት ቁርጥ ነበሩ፤ ለእነሱ አመሰገንኳቸው፣ ሥራቸውን ሠርተዋል። ሁለቱ ከመቆረጣቸው በፊት ሁለት ቦታ ታጥፈው ነበር። ቡሎን እንዲህ የሚታጠፈው ፍላንጆቹ ተጠጋግተው ሳይሆን ተራርቀው ሲሠሩ ነው፤ መቆረጥ ቀርቶ መጎበጥ ይሆናል። ፍላንጁን የሚይዘው ቀለበት ተበልቶ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ሰጥቶ ነበር፤ በአዲስ ቀለበት ተተካና አለቀ። የቀሩት 11 ግን ሁሉም በድካም የሞቱ ነበሩ። ይህን ያህል ቡሎኖች አንድ ዓይነት ታሪክ ሲናገሩ ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋጋሁ መሰለኝ። ችግሩ መሬቱ አይደለም፤ ማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ቡሎኑን ያለማቋረጥ እየነቀነቀ እየገደለው ነው።

ፍለጋውን የጀመርኩት ከቀላሉ ነው። ቡሎኑን አውጥቼ የማርሽ ሳጥኑን በእጄ አዞርኩት፤ ያለ ግትርነት ዞረ፤ ኩሽኔታዎቹም ድምፅ አልነበራቸውም። ምላጮቹ ደነዝ ነበሩ፣ ሞረድኳቸው። ሁለቱ ፍላንጆች ቡሎን ሳይኖር አንዱ በሌላው ላይ በነፃ መዞር እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ የእኔዎቹ ዞሩ፣ ግን በጭንቅ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። ፍላንጆቹ በዝገት ከተያያዙ ቡሎኑ ቢቆረጥም ኃይሉ መተላለፉን ይቀጥላል፤ ጠባቂው ሞቶ በሩ ተዘግቶ ቀረ ማለት ነው። ፈትቼ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት አጸዳሁ፣ ግሪስ ሞላሁ።

የራሴን አነዳድም መረመርኩ። የእኔ ትራክተር ባለ ሁለት ደረጃ ፍሪሲዮን ነው፤ ፔዳሉ እስከ ግማሽ ሲረገጥ ጎማዎቹን፣ እስከ ታች ሲረገጥ ፒቲኦውንም ያላቅቃል። በከፍተኛ የሞተር ፍጥነት ላይ ሆኖ ፔዳሉን ከታች በድንገት መልቀቅ ማለት የቆሙትን ከባድ ምላጮች በአንድ ቅጽበት ወደ ሙሉ ፍጥነት ለማድረስ መሞከር ነው፤ ቡሎኑ የሚመታው ያኔ ነው። እኔ ግን ሞተሩን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ለቅቄ፣ ምላጮቹ ከዞሩ በኋላ ነው ፍጥነት የምጨምረው። ይህን አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ነው ያስያዘኝ። ከዚህ በኩል ንጹሕ ነበርኩ።

ከዚያ የቡሎኑን ቀዳዳ ለካሁ። 8 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት ቀዳዳ በመዞሪያው አቅጣጫ 9.4 ሆኖ እንደ እንቁላል ረዝሟል። ልቤ ዘለለ፤ አገኘሁት አልኩ። በረዘመ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ቡሎን እንደ ልብ ይወዛወዛል፤ ጭነቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይጋጫል። እያንዳንዱ ግጭት የመዶሻ ምት ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ቀዳዳውን አስፍተው ትልቅ ቡሎን ያስገባሉ፤ ያ ከላይ የተናገርኩትን የ56 በመቶ ስህተት መድገም ነው። ትክክለኛው ቀዳዳውን አስፍቶ መልሶ ማጥበብ ነው። የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ወስጄ ሁለቱንም ፍላንጆች በ14 ሚሊ ሜትር አስበሳኋቸው። ውጭው 14፣ ውስጡ 8 የሆነ የጠነከረ ብረት ቦኮላ፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚያለብስ አጭር ቱቦ፣ ተጨምቆ ገባ። ቦኮላዎቹ ከፍላንጁ ፊት ጋር እኩል መሆናቸውን፣ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ያላፈነገጡ መሆናቸውን በጣቴ ዳሰስኩ። መቀስ የሚቆርጠው ሁለቱ ስለቶች ሲነካኩ ነው፤ እዚህም እንደዚያው ነው።

ይህን ያህል ከደከምኩ በኋላ ነገሩ እንዲያልቅ ተመኝቼ ነበር። አላለቀም። የሚቆረጡበት ጊዜ ግን ተለወጠ። ከስድስተኛው ቡሎን ጀምሮ የሞተሩን ሰዓት ቆጣሪ በደብተር እመዘግብ ነበር፤ ከቦኮላው በፊት ቡሎኖቹ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ከሠሩ በኋላ ይቆረጡ ነበር። ከቦኮላው በኋላ ወደ ሰባት ሰዓት ሥራ ሆነ። ደብተሩን ትክ ብዬ አየሁት። ድንጋይ ሰዓት ቆጥሮ አይመጣም። ሣሩ ወፍራምም ይሁን ስስ፣ ጠዋትም ይሁን ማታ፣ ቡሎኖቹ በሰዓታቸው ይሞቱ ነበር። የሚቆጠር ነገር ነው የሚገድላቸው።

መልሱን የሰጡኝ ዕድሜያቸውን በትራክተር ላይ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። መቁረጫውን ባዶ ሜዳ ላይ አስነሥቼ ሳሳያቸው ራቅ ብለው ቆሙ፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም።

«ያንጎራጉራል» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ዘንጉ። ልጄ፣ ይህን ዘንግ በቅርቡ ለያይተኸው ነበር?»

ለያይቼው ነበር። ከማርሽ ሳጥኑ ጥገና በኋላ፣ ሥራ ባልነበረበት ወር፣ የፕላስቲክ መከላከያውን ለመለወጥ ብዬ ዘንጉን ከሁለት ከፍዬ፣ ውስጡን አጽድቼ፣ ግሪስ ቀብቼ መልሼ ገጥሜው ነበር። ጋሼ ከዚህ በላይ አላሉም። «እንግዲያው ሹካዎቹን እይ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የማሽከርከሪያ ዘንግ በሁለት ጫፉ ክሮቼራ አለው፤ በሁለት ሹካዎች መካከል የተያዘ የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ ነው። ዘንጉ ታጥፎ እየዞረ ኃይል እንዲያስተላልፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ነገር ግን ክሮቼራ አንድ ባሕርይ አለው፤ ታጥፎ ሲዞር የሚያወጣው ፍጥነት ወጥ አይደለም። የሚሰጡት ዙር እኩል ቢሆንም እሱ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። 20 ዲግሪ ታጥፎ ከሆነ ወደ 6 በመቶ ወደ ላይ፣ 6 በመቶ ወደ ታች ይዋዥቃል። ሁለተኛው ክሮቼራ የተቀመጠው አንድም ለማጠፍ፣ አንድም ይህን መዋዠቅ ለማጥፋት ነው፤ የመጀመሪያው ሲፈጥን እሱ ያዘገያል፣ ሲዘገይ ያፈጥናል። ይህ የሚሆነው ግን የሁለቱ ማጠፊያ ዲግሪ እኩል ሲሆንና በዘንጉ ላይ ያሉት ሁለቱ የውስጥ ሹካዎች በአንድ መስመር ሲተኙ ብቻ ነው።

የእኔ ዘንግ አሮጌ ዓይነት ነው፤ አራት ማዕዘን ዘንግ አራት ማዕዘን ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይንሸራተታል። አራት ማዕዘን ነገር ደግሞ በአራት መንገድ ይገባል። ሁለቱ ትክክል ናቸው፤ ሁለቱ ሹካዎቹን በ90 ዲግሪ ያጣላሉ። በሁሉም መንገድ ያለምንም ችግር ይገባል፤ የሚከለክል ነገር የለም፣ የሚያስጠነቅቅ ምልክት የለም።

ዘንጉን አውጥቼ መሬት ላይ አስተኛሁት። የአንዱ ጫፍ ሹካ መሬቱ ላይ ጠፍጣፋ ተኛ፤ የሌላው ወደ ሰማይ ቆመ። ለደቂቃዎች አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሹካዎቹ በ90 ዲግሪ ሲጣሉ ሁለተኛው ክሮቼራ የመጀመሪያውን መዋዠቅ አያጠፋም፣ ይደርብበታል። የእኔ ዘንግ አጭር ስለሆነና የመቁረጫው ማርሽ ሳጥን ከፒቲኦው ዝቅ ስለሚል በሥራ ላይ ወደ 20 ዲግሪ ይታጠፋል። ስለዚህ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ በ12 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ በ13 በመቶ ገደማ ይወጣል። ከባዶቹ ምላጮች ደግሞ ፍጥነታቸውን መለወጥ አይወዱም። ዘንጉ ሲፈጥን ይጎተታሉ፣ ሲዘገይ ይገፋሉ፤ በዘንጉና በምላጮቹ መካከል ተይዞ ይህን ሁሉ የሚቀበለው ያ አንድ ቡሎን ነው። አሁን ወደ 9 ቁጥር እንመለስ። በሰከንድ 9 ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ፣ በሰከንድ 18 ጊዜ መታሸት። በአንድ ሰዓት 64,800። በአራት ሰዓት ከ259,000 በላይ። ያ ሁሉ ቅስት፣ ያ ሁሉ የሐይቅ ዳር መስመር፣ ከዚህ የመጣ ነው። ቡሎኖቹ ደካማ አልነበሩም፤ ይህን ያህል መቋቋማቸው ራሱ ያስደንቃል።

ዘንጉን አንድ አራተኛ ዙር አዙሬ መልሼ ገጠምኩት። ይኸው ነው ጥገናው። ከዚያ ሁለቱ ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አሰመርኩ፣ ቀለም ስለሚለቅ ደግሞ በመዶሻና በነጥብ መምቻ ሁለት ነጥብ መታሁ። ዘንጉ ተጠጋግቶ ሲያጥር ጫፉ ቱቦው ውስጥ እንዳይደገፍ፣ ተለያይቶ ሲረዝምም ከርዝመቱ ሲሶው ያህል አንዱ በሌላው ውስጥ እንደሚቀር ለካሁ። የላይኛውን የማያያዣ ክንድ አስተካክዬ የማርሽ ሳጥኑ መግቢያ ከፒቲኦው ጋር ትይዩ እንዲሆን አደረግኩ፤ ሹካዎቹ ቢሰለፉም ዲግሪዎቹ እኩል ካልሆኑ መዋዠቁ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መቁረጫውን በሃይድሮሊክ ከፍ አድርጎ ምላጩን ማሽከርከር ከድሮም አልወድም ነበር፤ ማጠፊያው 30 ዲግሪ ሲደርስ አንዱ ክሮቼራ ብቻውን በ13 እና በ15 በመቶ እንደሚዋዥቅ ካሰላሁ በኋላ ፈጽሞ ተውኩት።

ቡሎን ስለመለወጥ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ተቆራጭ ቡሎን የሚቆረጠው ሥራ መካከል ነው፤ ሰው ቸኩሎ፣ ተናዶ፣ ፀሐይ እያሽቆለቆለች ነው። አደጋው ያለው እዚያ ነው። በ540 ዙር 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ የያዘውን ጨርቅ በሰከንድ ወደ ሁለት ሜትር ይጠመጥማል። ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ የሚፈጅበት ጊዜ ውስጥ እጅጌው፣ ክንዱ፣ ትከሻው አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ፒቲኦውን አላቅቃለሁ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ቁልፉን አውጥቼ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፣ ምላጩ ፈጽሞ መቆሙን በዓይኔ አያለሁ። መቁረጫው ከፍ ብሎ ከሆነ ሥር የሚደግፍ ግንድ አስገባለሁ፤ ሃይድሮሊክ ለሰው ሕይወት ዋስ አይሆንም። የፕላስቲክ መከላከያው የተሰነጠቀ ዘንግ አላስነሣም። በዚህ ነገር ልመናዬ ከልብ ነው።

የተቆረጠውን ቁራጭ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ራሱ ያለበት ክፍል በቀላሉ ይወድቃል፤ ዳዶው ያለበት ክፍልም እንዲሁ። ችግር የሚሆነው ሁለቱ ቀዳዳዎች ሳይገጥሙ መካከል ላይ የቀረ ቁራጭ ሲኖር ነው። ፍላንጁን በእጅ ማዞር፣ ቀዳዳዎቹን ፊት ለፊት ማምጣት፣ ከዚያ በ7 ሚሊ ሜትር መምቻ መግፋት። እምቢ ካለ የዝገት መፍቻ ዘይት ጨምሮ መጠበቅ። መዶሻውን ማክበድ የቀዳዳውን ጠርዝ ያበላሻል፤ የተበላሸ ጠርዝ የሚቀጥለውን ቡሎን ይነክሰዋል። ቀዳዳዎቹ የሚገጥሙበትን ቦታ በሁለቱም ፍላንጆች ጠርዝ ላይ በሞረድ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ጨለማ ውስጥ እንኳን በጥፍሬ አገኘዋለሁ። አዲሱን ቡሎን ሳስገባ ጥርስ የሌለው ግንዱ የመቆረጫውን መስመር ማለፉን አያለሁ፣ ናይሎን ያለውን ዳዶ እስኪጠብቅ አጠብቃለሁ። ላላ ያለ ቡሎን በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ እንዳለ ቡሎን ነው፤ መቀጥቀጡ አይቀርለትም።

ዘንጉን ካስተካከልኩ በኋላ መቁረጫውን ሳስነሣ ድምፁ ሌላ ነበር። ያ ጋሼ የሰሙት፣ እኔ ግን ከልምድ ብዛት መስማት ያቆምኩት ማንጎራጎር ጠፍቷል። ከመቀመጫው ሥር የነበረው ስስ ንዝረትም የለም። ሰባት ሰዓት አለፈ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። በደብተሩ ላይ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም፤ ቀኑንና የሰዓት ቆጣሪውን ቁጥር ብቻ እየጻፍኩ ቀጠልኩ።

አንድ ማለዳ፣ ከጥገናው በኋላ ከ40 ሰዓት በላይ ሠርቼ፣ ከሜዳው ጥግ «ጧ» አለ። አቁሜ ወረድኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሣሩን በእግሬ ገለጥ ሳደርግ አሮጌ የግራር ጉቶ ነበረ፤ በምላጩ የተመታበት ቦታ ገና ነጭ ነው። የቡሎኑን ቁራጭ አንሥቼ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ጠፍጣፋ ነበር፤ ጭረቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተዋል፣ አንድም ቅስት የለበትም። የማርሽ ሳጥኑን በእጄ አዞርኩት፤ እንደ ትናንቱ ለስልሶ ዞረ። አዲስ ቡሎን አስገብቼ አጠበቅኩና ጉቶውን ለማየት የሚያስችል ረጅም እንጨት ተክዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቁራጩን ማታ በጣሳው ውስጥ አልጨመርኩትም፤ መደርደሪያው ላይ፣ ከጣሳው አጠገብ ለብቻው አስቀመጥኩት።